ፈረንጅ ዘሩን አያውቅም ያለው ማን ነው?

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለጋዜጣ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ከረዘመባችሁ ቁረጡት፣ አልቀየምም።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንድ አባባል ነው። ሰርግ ቤት፣ ለቅሶ ቤት፣ እዚህ ሰው አገር በምናደርገው የእድር ስብሰባ ላይ ሳይቀር፣ "ፈረንጅ እኮ ከአያቱ ወዲያ ዘሩን አያውቅም፣ እኛ ግን ሰባት ቤት እንቆጥራለን" ይባላል። እኔም ስል ኖሬያለሁ፤ ያውም ደረቴን ነፍቼ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን አፌ እምቢ ብሎኛል። ምክንያቱን ላጫውታችሁ።

የምኖረው በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኖርፎክ በሚባል አካባቢ ነው። ሜዳማ የስንዴና የገብስ አገር ነው። ቤተ ክርስቲያን የሞላበት ነው፤ ከመካከለኛው ዘመን የተረፉት ብቻ ከ600 ይበልጣሉ። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ መንከባከብ ነው። ከእነሱ አንዱ እርሻቸውን ለጎረቤት አከራይተው የተቀመጡ የ80 ምናምን ዓመት ገበሬ ናቸው። "በስሜ ጥሪኝ" ስላሉኝ በአፌ በስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ በልቤ ግን ጋሼ ናቸው። እዚህም ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ዓመቱን የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ባለፈው ዓመት ጉልበታቸውን ታመው ከወንበር መነሳት ሲያቅታቸው፣ "ነይ እስቲ በዚህ ኮምፒውተር የቤተሰቤን ነገር ፈልጊልኝ" አሉኝ። በእጃቸው ያለው አንድ ትልቅ የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ከሽፋኑ ቀጥሎ ባለው ባዶ ገጽ ላይ የልደት ቀኖች ተጽፈዋል፤ የመጀመሪያው የአያታቸው ነው፣ 1868። ከዚያ በፊትስ ሲባሉ መልሳቸው አጭር ናት። "እኛ እኮ ከጥንት ጀምሮ እዚሁ መሬት ላይ ነን።"

አመንኩ። የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ነው ያደግሁት። እንዲህ ያለ ንግግር ብርቄ አይደለም።

ዘር ፍለጋ እዚህ የሚሠራው ወደ ኋላ ነው። ከራስ ይጀመርና ወደ አባት፣ ወደ አያት እያለ፣ በየደረጃው ወረቀት እየተያዘ ይወጣል። መጀመሪያ ያገኘነው በሴፕቴምበር 1939፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደጀመረ፣ መታወቂያ ለማደል የተደረገውን ምዝገባ ነው። የቤቱ ሰዎች ተራ በተራ አሉ። አባት፣ እናት፣ አንድ የእርሻ ሠራተኛ፣ ቀጥሎ ጥቁር መስመር። ከ100 ዓመት ወዲህ የተወለደና በሕይወት ያለ ሰው ስሙ ይሸፈናል። "ይሄ የተሸፈነው ደግሞ ማነው?" አሉ ጋሼ። "እርስዎ ነዎት" አልኳቸው። በ1938 ነው የተወለዱት። የዚያን ቀን ሙሉ ሲስቁ ዋሉ።

ሁለተኛው ግን አላሳቃቸውም። ከ1941 እስከ 1943 መንግሥት 5 ኤከርና ከዚያ በላይ የሆነውን እርሻ ሁሉ እየዞረ መርምሮ ነበር። ጦርነት ነው፣ ምግብ ያስፈልጋል። ገበሬውንም ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ ማዕረግ ሰጥቶታል። ወረቀቱ ያለው ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው፤ ልጃቸው ሄዳ ፎቶ አንስታ መጣች። የጋሼ አባት ያገኙት ቢ ነው። ቢና ሲ ለተሰጠው ሰው ምክንያት ይሞላ ነበር፦ እርጅና ነው? የገንዘብ እጥረት ነው? ወይስ የግል ድክመት? በአባታቸው ላይ የተሞላው "የግል ድክመት" የሚለው ነው። ጋሼ ሁለት ቀን አኮረፉ። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ፎርም እኮ ነው! "ያ ሰውዬ የገብስና የስንዴ ቡቃያ አይለይም ነበር" አሉኝ፣ መርማሪውን ቆመው ያዩት ይመስል።

ከዚያ ሕዝብ ቆጠራ። እንግሊዞች ከ1801 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ይቆጥራሉ፤ በመላ አገሪቱ የሰውን ስም መያዝ የጀመሩት ግን በ1841 ነው። ዝርዝሩ 100 ዓመት ሳይሞላው አይከፈትም፤ የ1921ዱ የወጣው በ2022 ነው። የ1931ዱ በ1942 በእሳት ጠፍቷል፣ የ1941ዱ በጦርነቱ ምክንያት አልተካሄደም። ስለዚህ ከ1921 ተነስተን ወደ ኋላ ሄድን። 1911 እና 1901 ላይ አያታቸው ገበሬ ናቸው፣ እርሻውም ይኸው እርሻ ነው። 1891 ላይ ግን እርሻው ውስጥ የተቀመጠው ሌላ ቤተሰብ ነው።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "ሌላ መንደር ገብተሽ ይሆናል።" አልገባሁም። አያታቸው ያኔ 23 ዓመታቸው ነው፣ ከእርሻው ግርጌ ባለች ጎጆ ከወላጆቻቸው ጋር ይኖራሉ፣ ሥራቸው የሰው የእርሻ ፈረስ መንዳት ነው። ወደ 1881 ሄድን፣ ወደ 1871፣ እስከ 1841። ከአያት በላይ ያሉት ሁሉ ሥራቸው አንድ ነው። በ1841 ቆጣሪዎቹ ከመብዛቱ የተነሳ ቃሉን አሳጥረው "አግ ላብ" እያሉ ነው የሞሉት፤ የእርሻ የቀን ሠራተኛ ማለት ነው። ላብ የምትለዋን ሳይ ሳቄ መጣ። እነሱ ቃል ማሳጠራቸው ነው እንጂ በአማርኛ ሲነበብ ነገሩን ልክ አድርጎ ነው የሚናገረው። ትርጉሙን ለጋሼ ነገርኳቸው። አሁን የድሮ ዘመዶቻቸውን በጅምላ "ላቦቹ" ነው የሚሏቸው።

ታዲያ የቀን ሠራተኛ ልጅ እንዴት እርሻ አገኘ? ከ1870ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የአሜሪካ ስንዴ በባቡርና በእንፋሎት መርከብ እየተጫነ መጥቶ የእንግሊዝን ገበያ ሰበረው። ብዙ ተከራይ ገበሬዎች ኪራዩ አልወጣ ብሏቸው መሬቱን ለቀቁ። ባለመሬቶቹም መሬቱ ጦም ከሚያድር ብለው ኪራይ ቀነሱ። ፈረስ ነጂው አያት የገቡት በዚህች ቀዳዳ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ትላልቆቹ ባላባቶች መሬታቸውን በገፍ ሲሸጡ ተበድረው ገዙት። የሽያጩ ወረቀት የተገኘው ከጋሼ ከራሳቸው መሳቢያ ነው፣ 1919 ይላል። መሳቢያውን በየቀኑ ሲከፍቱና ሲዘጉ ኖረው እኮ ነው።

"ከጥንት" የተባለው እንግዲህ መቶ ዓመትና ትንሽ ፈቀቅ ሆነ።

ያጽናናቸው የአሥራት ካርታው ነው። አሥራትን እኛም እናውቃታለን። እዚህ ገበሬው ከእህሉ፣ ከበጉ፣ ከወተቱ አንድ አሥረኛውን ለቤተ ክርስቲያን ያስረክብ ነበር። በ1836 አዋጅ ወጣና በዓይነት መስጠቱ ቀርቶ በገንዘብ ይተመን ተባለ። ለመተመን ደግሞ ማሳ በማሳ መለካት ግድ ነው። ስለዚህ ለአብዛኛው አጥቢያ ትልልቅ ካርታ ተነሳ፤ የእያንዳንዱ ማሳ ባለቤት፣ አራሹ፣ የማሳው ስም፣ ስፋቱ፣ እርሻ ይሁን ግጦሽ ተጽፎበታል። ዋናውን ለማየት ኖርዊች ወዳለው የካውንቲው ቤተ መዛግብት ሄድን። ስክሪብቶ አያስገቡም፣ እርሳስ ብቻ ነው። ጋሼ ጣታቸው ካርታውን ሳይነካ ከላይ ከላይ እየተከተሉ ማሳዎቹን በስማቸው ይጠሩ ጀመር። ከቤታቸው ጀርባ ያለችውን ትንሽ የታጠረች ማሳ "ፓይትል" ነው የሚሏት፣ የዚህ አካባቢ ገበሬ ቃል ነው። ካርታውም ፓይትል ይላታል። ቁጥሯን ይዘን ዝርዝሩ ላይ ፈለግን። ባለቤቱ ሌላ፣ አራሹ ሌላ። ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ "ጎጆና ጓሮ" ይላል፤ ነዋሪው የጋሼ ምንጅላት። (አማርኛ ምንጅላት የሚል ቃል አለው፤ እንግሊዝኛ "ግሬት ግሬት" እያለ ይንተባተባል።)

እግረ መንገዴን፣ ኤከር ማለት መነሻው ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው። የእኛው ጥማድ ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው "አባትሽ ስንት ነበራቸው ታዲያ?" አሉኝ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚያወሩኝ እንደ ገበሬ ልጅ ነው።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። ምንጅላቱ ዊሊያም ይባላል። በዚያ ዘመን መንደሩ በሙሉ ጆን፣ ዊሊያምና ቶማስ ነው። እኔ ደግሞ ቸኮልኩ። ኢንተርኔት ላይ የማላውቀው ሰው የሠራውን የዘር ሐረግ አገኘሁ። ዊሊያም፣ በ1815 በጎረቤት አጥቢያ የተጠመቀ፣ አባቱ የተከበረ ባለመሬት። አንድ ጊዜ ስጫን አምስት ትውልድ ተግተልትሎ መጣ፣ ጫፉ ላይ ባላባት ከነጋሻው። የጋሼን ደስታ ባያችሁ! "የቤተሰብዎ አርማ" እያለ የሚሸጥ ሱቅ አግኝተው ጋሻውን በፍሬም አስመጡ፣ ቀላል ገንዘብም አይደለም። ሦስት ወር ሙሉ እዚያ ሐረግ ላይ ተንጠለጠልን።

የነቃሁት በአጋጣሚ ነው። ከ1813 ጀምሮ የቀብር መዝገቡ የታተመ ፎርም ስለሆነ ዕድሜ ይጻፍበታል። ሌላ ሰው ስፈልግ ዓይኔ አንድ መስመር ላይ አረፈ። ያው ዊሊያም፣ ያው መንደር፣ የተቀበረው 1817፣ ዕድሜው 2። በሞተ ሕፃን ትከሻ ላይ አምስት ትውልድ ጭነን ነበር። ለጋሼ እንዴት እንደምነግራቸው ጨንቆኝ ሻይ ሁለት ጊዜ አፈላሁ። በኋላ እንደገባን ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ አርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰውና ለዘሩ ነው እንጂ ስሙ ለተመሳሰለ ሁሉ አይደለም። ጋሻው አሁን ሽንት ቤት ተሰቅሏል።

እውነተኛው ዊሊያም እዚሁ መንደር ነበር። የ1841 ቆጠራ ከ15 ዓመት በላይ የሆነውን ሰው ዕድሜ ወደ ታች ወደ 20፣ ወደ 25 እያወረደ ስለሚጽፍ አያስተማምንም። የ1851ዱ ግን የተወለዱበትን መንደር ይናገራል፤ አስቀድሜ እሱን ባይ ኖሮ! ጥምቀቱ 1814 ላይ ተገኘ። የእናት ስም አለ። የአባት ስም ቦታ ባዶ ነው። ሥራ በሚለው ዓምድ "ያላገባች ሴት" ተብሏል። ማለትም ጋሼ የሚኮሩበት የቤተሰብ ስም የመጣው ከአንዲት የሰው ቤት ሠራተኛ ነው።

አባቱን ያገኘነው እንዴት መሰላችሁ? በዚያ ዘመን ድሃ የሚረዳው አጥቢያው ነው፣ ገንዘቡ የሚዋጣው እዚያው መሬትና ቤት ከያዘው ሰው ነው። ያለ አባት የተወለደ ልጅ ወጪው እነሱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ልጅቱን ዳኛ ፊት አቁመው "ከማን ነው?" ብለው ያስምሏታል፤ ሰውየውን ይዘው ቀለብ ያስቆርጡታል። ያ ወረቀት ከአጥቢያው ሣጥን ተርፏል። የጎረቤት እርሻ ቅጥር ሠራተኛ ነው፣ በሳምንት 2 ሽልንግ እንዲከፍል ታዟል፣ በፊርማ ፈንታ የመስቀል ምልክት አድርጓል። አገር ቤት በአውራ ጣት እንደሚፈረመው።

እና ስሙን ያተረፈልን አጥቢያው ለሕፃኑ አዝኖ አይደለም፣ ለኪሱ ሠግቶ ነው። አንዴ ይህ ከገባኝ በኋላ ያገኘነው ወረቀት ሁሉ እንደዚያ ሆኖ ታየኝ። ካርታው አሥራት ፈልጎ ነው። የ1939ኙ ወታደርና ራሽን ፈልጎ፣ የ1941ዱ የእርሻ ምርመራ ስንዴ ፈልጎ። የአጥቢያ መዝገቡም ቢሆን፣ የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዋና ሹም ቶማስ ክሮምዌል በ1538 ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር በየሳምንቱ ይጻፍ፣ መዝገቡም ባለ ሁለት ቁልፍ ሣጥን ይግባ ብሎ ሲያዝ፣ ሕዝቡ "አዲስ ግብር ሊመጣብን ነው" ብሎ ፈርቶ ነበር። የእንግሊዝ ገበሬ ዘሩን ባይቆጥር እሱን የሚቆጥረው አላጣም።

ከዚህ በላይ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው የተቸገርነው፣ እዚያም ኢትዮጵያዊ መሆኔ ጠቀመን። አንድ ልጅ የተጠመቀው በፌብሩዋሪ 1720፣ ወላጆቹ የተጋቡት በሜይ 1720። ጋሼ "ደግሞ ሌላ ዲቃላ!" ብለው መዝገቡን ሊያስዘጉኝ ነበር። ቆይ አልኳቸው። እንግሊዝ 1752 እስኪገባ ድረስ ዓመት የምትለውጠው ማርች 25 ቀን ነበር። ስለዚህ ፌብሩዋሪ 1720 የሚመጣው ከሜይ 1720 በኋላ ነው። ልጁ ሥርዓቱን ጠብቆ በ9 ወሩ ነው የመጣው። እሳቸው ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ለእኔ ግን አዲስ ዓመቱ መስከረም ላይ፣ ገናው ጃንዋሪ ላይ ለሆነ ሰው ምኑ ይከብዳል? በ1752ም ሴፕቴምበር 2 ተኝተው ሲነቁ ሴፕቴምበር 14 ሆኗል፤ 11 ቀን ዘለሉ።

የዚያ ልጅ አባት በ1734 ሲሞቱ ኑዛዜና የንብረት ዝርዝር ትተዋል። ጎረቤቶች ክፍል በክፍል እየዞሩ የገመቱት ነው። አምስት ላም፣ አንድ ባዝራ፣ የናስ ድስት፣ የሱፍ መፍተያ፣ አይብ፣ ጎተራ ውስጥ ያለ ገብስ። የራሳቸው መሬት የነበራቸው ሰው ናቸው። ዘራቸው ታዲያ እንዴት ሰው ቤት ገባ? መሬቱን ልጆች ተካፈሉት፣ የልጅ ልጆች ደግሞ ድርሻቸውን ተካፈሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ19ኛው መጀመሪያ ፓርላማው በሺዎች የሚቆጠር አዋጅ እያወጣ የጋራ ግጦሹን ሲያጥር፣ ላሙን እዚያ ያሰማራ የነበረው ገበሬ መጀመሪያ ላሙን ሸጠ፣ ቀጥሎ ጉልበቱን።

እና "ከጥንት" ያሉት ነገር ውሸት ብቻ አልነበረም። ነበራቸው፣ አጡት፣ የሰው መሬት ላይ ላብ ሆኑ፣ መልሰው አገኙት። ጋሼ ግን ከሁሉም የወደዱት ያቺን ያላገባች ሴት ነው። መቃብሯን እንድፈልግላቸው ጠይቀውኛል። የድሃ መቃብር ላይ ድንጋይ አይቆምም፤ ቢሆንም እየፈለግሁ ነው።

ወደ እኛ ልምጣ። ሰባት ቤት የምንቆጥረው ለጋብቻ ነው፣ እሺ። የጎጃም ገበሬ ግን ከዚያ አልፎ ይቆጥር የነበረው ለርስት ነው። አያቴ ከአቅኚው አባት ጀምሮ ወደ ራሱ እንደ ውዳሴ ማርያም ይወርደው ነበር፣ በአባትም በእናትም በኩል፤ ርስት በሁለቱም ይጠየቃላ! ቆጠራውን የሳተ ሰው በሙግቱም ይሸነፍ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ጥሩ ነው መጥፎ ነው አሁን አላነሳም። ያን ሁሉ ስም ይዞ መቀመጥ ግን ከዚያ ወዲያ ጥቅሙ ቀረ። አያቴ የሚያውቀውን አባቴ ግማሹን ያውቃል። እኔ ሰባት ስም፣ ሁሉም ወንድ። እንግሊዝ ከጁላይ 1 ቀን 1837 ጀምሮ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት ይመዘገባል። በእኛ አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ተወልዶ ያለፈው የገጠር ሰው ያለው ሰው አፍ ላይ ነው። ታዲያ ማን በማን ላይ ይኮራል?

አዘጋጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የሐዘን ማስታወቂያ ስታወጡ የሟችን የእናት እናት ስምና የትውልድ መንደር ቤተሰቡን ጠይቃችሁ ጨምሩበት። ሁለት መስመር ነው። ለከፋዩ እንኳ አታስቡበት፣ በነፃ ይሁን።

እኔም ጀምሬያለሁ። ጋሼ "የአንቺንስ እስቲ ጻፊ" ብለው ከቤተ መዛግብቱ የተረፈውን እርሳስ ሰጡኝ። ሰባቱን ስም ጻፍኩ። አንድ በአንድ አነበቡና፣ "የእናቶቹስ?" አሉኝ። የዚያኑ ዕለት ማታ ደብረ ማርቆስ ላለችው አክስቴ ደወልኩ። "ምን ልታደርጊበት ነው? መሬቱ እንደሆነ የለ" አለችኝ። ለመንኳት። "እሺ ቆይ፣ ቡናው እየገነፈለብኝ ነው... የአያትሽ እናት እኮ ከማዶ ነው የመጣችው፣ ስሟ ደግሞ..." ስትል ኔትወርኩ ተቋረጠ። ቅዳሜ ደግሜ እደውላለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከኖርፎክ፣ እንግሊዝ